ፈሪሃ እግዚአብሔር፣ ይሉኝታና ራስን መግዛት

በአንድ ቁምስና ለካቴኪስቶች በተዘጋጀ የሦስት ቀን የጥናት ጉባኤ ላይ ስለ ሰባቱ የመንፈስ ቅዱስ ስጦታዎች ትምህርት ይሰጥ ነበር። በነቢዩ ኢሳይያስ ምዕራፍ 11 ላይ ተመሥርቶ ጥበብ፣ ማስተዋል፣ ምክር፣ ኃይል፣ ዕውቀትና መንፈሳዊነት አንድ በአንድ ከተብራሩ በኋላ ሰባተኛው ላይ፣ ማለትም ፈሪሃ እግዚአብሔር ላይ ሲደረስ፣ ከኋላ ተቀምጦ የነበረ አንድ ወጣት ካቴኪስት እጁን አንሥቶ እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ «ሐዋርያው ዮሐንስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ምዕራፍ 4 ፍቅር በሞላበት ልብ ውስጥ ፍርሃት ስፍራ እንደማይኖረው ያስተምረናል። እንግዲያው ቤተ ክርስቲያን ፍርሃትን ከመንፈስ ቅዱስ ስጦታዎች ቁጥር የምታስገባው ስለ ምንድን ነው? ደግሞስ እኛ በዚህች አገር የጎደለን ፍርሃት ነውን?»

በአዳራሹ ውስጥ ሳቅ ተሰማ፤ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም። ጉባኤውን ይመሩ የነበሩት አባት አጭር መልስ ሰጡት፤ የምሳ ሰዓት ደርሶ ስለ ነበረም ተነሣን። ጥያቄው ግን አብሮን ወደ ቤት ገባ፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍም ምክንያት ሆነን።

የወጣቱ ጥያቄ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው የመጽሐፍ ነው፤ ሁለተኛው የኑሮ ነው። መምህራን ብዙ ጊዜ በመጽሐፉ ጀምረን ለኑሮው ሳንደርስ ሰዓቱ ያልቅብናልና፣ በዚህ ጽሑፍ ከኑሮው እንጀምር።

የአገራችን ሰው ፍርሃትን ከመጽሐፍ አልተማረም። ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. በቆየው የደርግ ዘመን የኖረ ሁሉ ፍርሃት ምን እንደሚመስል ያውቃል፦ ድምፅን ዝቅ አድርጎ መናገርን፣ በስብሰባ ላይ ላላመኑበት ነገር ማጨብጨብን፣ ሌሊት በር ሲንኳኳ መደንገጥን። ከዚያ ወዲህ የተወለዱትም ቢሆኑ የየራሳቸው ፍርሃት አላቸው። ይህን የመሰለው ፍርሃት ሰውን ይገዛዋል እንጂ ሰው ራሱን እንዲገዛ አያስተምረውም። ማስረጃው ሩቅ አይደለም። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ወር ሥርዓቱ ሲፈርስ፣ ዘበኛው ጥሎት በሄደ መጋዘን ደጃፍ ላይ የሆነውን ከመካከላችን የሚያስታውሱ አሉ። እስከ ትናንትና ድረስ ከዚያ ቤት አንዲት ፍሬ ለመንካት ያልደፈረ እጅ በአንድ ሌሊት ጆንያ ሙሉ ተሸከመ። ያ እጅ ቀድሞውኑ ታስሮ የቆየ እንጂ የታመነ አልነበረም፤ እስራቱ ሲፈታ የሆነውም ይኸው ነው። እንግዲህ ወጣቱ «የጎደለን ፍርሃት ነውን?» ሲለን፣ ይህን ዓይነቱን ማለቱ ከሆነ፣ እውነቱን ነው፤ አልጎደለንም።

ደግሞም ለእግዚአብሔር ያለንን ፍርሃት ከዚህ ከሰው ፍርሃት ጋር ያደባለቅነው እኛው ራሳችን ነን። ሕፃን ልጅ አልተኛም ብሎ ሲያስቸግር «አያ ጅቦ መጣብህ» እንለዋለን፤ ስኳር ሰርቆ ሲቅም ስናገኘው ደግሞ «እግዜር ይቀስፍሃል» እንለዋለን። ሁለቱም ማስፈራሪያዎች ከአንድ አፍ፣ በአንድ ድምፅ ይወጣሉ። ልጁ አድጎ ከበሩ ኋላ ጅብ እንደሌለ ያወቀ ዕለት፣ ስኳሩንም ቅሞ መብረቅ እንዳልወረደበት ያየ ዕለት፣ ጅቡንና እግዚአብሔርን በአንድነት አውጥቶ ቢጥላቸው ማን ይፈርድበታል? እናቶችን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምንለው፤ ሥራ በዝቶባቸው፣ ጉልበት አንሷቸው የሚሉት ነውና። በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ውስጥ ይህንኑ የምንደግም መምህራን ግን ምክንያት የለንም።

አሁን ወደ መጽሐፍ እንመለስ። ቅዱሳት መጻሕፍት ፈሪሃ እግዚአብሔርን በየትኛው ስፍራ እንደሚያነሡት ልብ ብሎ የሚመለከት ሰው አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያገኛል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 14 ላይ ደንቆሮን መስደብ፣ በዕውርም ፊት ዕንቅፋት ማኖር ተከልክሏል፤ ወዲያውም አምላክን የመፍራት ነገር ተጨምሮበታል። ስለ ምን በዚህ ስፍራ ተጨመረ? የተሰደበው ደንቆሮ ስድቡን አይሰማም፤ የተሰናከለው ዕውር ያሰናከለውን አያይም። ከሳሽ የለም፤ ምስክር የለም፤ ዳኛም የሚፈርድበት ነገር የለውም። በዚህ ቦታ ሰውን ከክፋት የሚከለክለው ሌላ ነገር ሁሉ ካበቃ በኋላ የሚቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጽሐፍም ስሙን ፈሪሃ እግዚአብሔር ይለዋል።

ዮሴፍም በጲጥፋራ ቤት የነበረው እንዲሁ ነው። ባዕድ አገር ነው፤ አባቱ ሞቷል ብሎ አልቅሶለታል፤ ወንድሞቹ ሸጠውታል፤ በቤቱ ውስጥ በዚያች ሰዓት ሰው አልነበረም። ስሙን የሚያጠፋበት ዘመድ እንኳ በአጠገቡ የለውም። የእንቢታውም ምክንያት ቅጣት አልነበረም፤ እንዲያውም እሺ ቢል ይጠቀም፣ እንቢ በማለቱ ግን ወኅኒ ወረደ። ምክንያቱ በዘፍጥረት ምዕራፍ 39 እንደ ተጻፈው፣ ያመነውን ጌታውንና ከጌታውም በላይ እግዚአብሔርን መበደል አለመፈለጉ ነው። የሚፈራው እንዳይመታ ሳይሆን እንዳይበድል ነበር። ሁለቱ ፍርሃቶች በአማርኛችን አንድ ቃል ይጠሩ እንጂ እጅግ የተራራቁ ናቸው።

ይህ ፍርሃት የሰውን ፍርሃት የሚጨምር አለመሆኑንም ከሲፓራና ከፉሐ እንማራለን። እነዚህ ሁለት አዋላጆች የዕብራውያንን ወንዶች ልጆች እንዲገድሉ ከፈርዖን ዘንድ ታዘዙ። ፈርዖን ማለት በዚያ ዘመን እንቢ የማይባል ሰው ነው። እነርሱ ግን እግዚአብሔርን ይፈሩ ነበርና፣ ይላል የኦሪት ዘጸአት ታሪክ፣ ትእዛዙን አልፈጸሙም። እግዚአብሔርን የፈራ ፈርዖንን ሳይፈራ ቀረ። በዚህች አገር ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን አይታለች። ብፁዕ ገብረ ሚካኤል በሃይማኖቱ ምክንያት ተይዞ፣ በእግር ብረት ታስሮ ከሠራዊቱ ጋር ከሰፈር ሰፈር እየተጎተተ፣ በቃሉ እንደ ጸና እ.ኤ.አ. በ1855 ዐረፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1926ም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ብፅዕናውን አወጁ። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ያን ያህል ኃይል ከወዴት አገኘ? ከጉልበቱ እንዳልሆነ ግልጽ ነው።

ስለ ሥልጣን ከተነሣ ነህምያን ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም። በመጽሐፉ ምዕራፍ 5 እንደሚነግረን ከእርሱ በፊት የነበሩት አገረ ገዥዎች በሕዝቡ ላይ ከባድ ሸክም ጭነው ነበር፤ ሎሌዎቻቸው ሳይቀሩ ሕዝቡን ይገዙ ነበር። እርሱ ግን እግዚአብሔርን ስለ ፈራ እንዲህ እንዳላደረገ ይናገራል። ለአገረ ገዥ የተመደበውን ቀለብ እንኳ አልወሰደም። ቢወስድ ማንም አይወቅሰውም ነበር፤ ልማድ ነበረና። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂል በእኛ አገር ብቻ የተወለደ አይመስለንም፤ ነህምያም በየዕለቱ ሳይሰማው አልቀረም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2014 ስለዚሁ ስጦታ ሲያስተምሩ ሙሰኞችን፣ ሰውን በመሸጥ የሚኖሩትንና የጦር መሣሪያ የሚሠሩትን ነቅሰው ማስጠንቀቃቸው ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው። ፈሪሃ እግዚአብሔር በገዳም ብቻ የሚኖር ምግባር አይደለም፤ ማኅተም በሚመታበት፣ ደረሰኝ በሚቆረጥበት፣ በርበሬና ቅቤ በሚመዘንበት ስፍራ ሁሉ ይፈለጋል።

ለወጣቱ የዮሐንስ መልእክት ጥያቄ ግን ገና መልስ አልሰጠንም። ቅዱስ አውጎስጢኖስ ይህንኑ መልእክት ለምእመናን ሲተረጉም ስለ ሁለት ሚስቶች ተናግሯል። ሁለቱም ባላቸውን ይፈራሉ። አንደኛዋ የምትፈራው በድንገት እንዳይመጣባት ነው፤ ሌላይቱ የምትፈራው እንዳይሄድባት ነው። የመጀመሪያዋን ፍርሃት ፍቅር ያስወጣዋል፤ የሁለተኛይቱን ግን የሚወልደው ራሱ ፍቅር ነው። ደግሞም የመጀመሪያው ፍርሃት እንኳ ከንቱ እንዳልሆነ ለማሳየት ሌላ ምሳሌ ያመጣል። ሰፊ ክሩን በጨርቁ ውስጥ ለማሳለፍ አስቀድሞ መርፌውን ይሰዳል፤ መርፌው ገብቶ ካልወጣ ክሩ አይከተልም። በጨርቁ ውስጥ የሚቀረው ግን ክሩ ነው። ቅጣትን መፍራት እንደ መርፌው ነው፤ ፍቅር እንደ ክሩ። መርፌውን ጨርቁ ውስጥ ትቶ ልብሱን የሚለብስ ሰው ምን እንደሚደርስበት እያንዳንዱ አንባቢ ያውቀዋል፤ ከመካከላችን እንዲህ ያለ ልብስ ለብሰው ዘመናቸውን ሁሉ የሚወጉ ክርስቲያኖች አሉ። ኃጢአታቸውን ደጋግመው ተናዝዘው የተፈቱ የማይመስላቸው፣ በቅዱስ ቁርባን ፊት ደስታን ያላወቁ። እነዚህን ይበልጥ ማስፈራራት በደል ነው።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኩዊኖም ይህንኑ በትምህርት ቤት ሥርዓት አደላድሎ፣ ከዓለማዊው ፍርሃት ሌላ የባርያ ፍርሃት፣ የጀማሪ ፍርሃትና የልጅ ፍርሃት እንዳለ አስተምሯል። ባርያ ዱላውን ይፈራል፤ ልጅ አባቱን ማሳዘን ይፈራል። ፍቅር ባደገ መጠን የባርያው እየቀነሰ፣ የልጁ ግን እየጨመረ ይሄዳል፤ የልጅ ፍርሃት በሰማይ እንኳ አይጠፋም ይላል። እናት ቤተ ክርስቲያንም በጀማሪው ላይ በሩን አልዘጋችም። እ.ኤ.አ. በ1551 የትሬንት ጉባኤ እንዳስተማረው፣ የኃጢአትን አስቀያሚነት ከማሰብ ወይም ገሃነምን ከመፍራት የሚነሣ ያልፈጸመ ጸጸት እንኳ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ሰውንም ለምሥጢረ ንስሐ ያዘጋጀዋል። ስለዚህ «የፈራሁት ሲኦልን ብቻ ነው» እያለ በንስሐ አባቱ ደጅ የሚመላለስ ሰው ቢኖር፣ ይግባ። መርፌው ሥራ ጀምሯል።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ በመካከላችን ከሁሉ በላይ ራስን የመግዛትን ቦታ ይዞ የተቀመጠውን ነገር ልናነሣ እንወዳለን፤ እርሱም ይሉኝታ ነው።

ይሉኝታ «ምን ይሉኛል?» ከሚለው አሳብ የወጣ ቃል ነው። ስንቱን እንደሚገዛልን ቆጥረን አንጨርሰውም። በልቅሶ ቤት ሆዳችንን ይገዛልናል፤ በሠርግ ቤት ምላሳችንን ይገዛልናል፤ በሽማግሌ ፊት ቁጣችንን ያበርድልናል። ይሉኝታ ቢስ መባል በአማርኛ ከከባድ ስድቦች አንዱ ነው፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። እኛ ይሉኝታን አንንቅም። መንደርን በሰላም ያኖረ፣ ስንቱን ጠብ ያስቀረ መልካም ጎረቤት ነው። ነገር ግን ይሉኝታ አንድ ጉድለት አለበት፤ ተመልካች ይፈልጋል። መሽቶ በር ሲዘጋ እርሱም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከአገር ቤት ወጥተው በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም በአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ማንም በማያውቃቸው ከተማ፣ በአባታቸው ስም የሚጠራቸው በሌለበት፣ «ምን ይሉኛል?» የሚለው ጥያቄ መልስ ያጣል፤ የሚል የለምና። በዚያች ጊዜ አንዳንዱ ይወድቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሲጸልይ የኖረው ለሰው እንዳልነበረ የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው። በአንድ ጠባብ የሠራተኛ ክፍል ውስጥ መስቀሏን ትራስ ሥር ደብቃ ዓርብን የምትጾም እኅት ማንም አያመሰግናትም፤ ጾሟም ከብዙዎቻችን ጾም የሚሻለው በዚሁ ይመስለናል።

እዚህ ላይ ስለ ራስን መግዛት አንድ ነገር ማጥራት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ራስን መግዛት ማለት ሥጋን መጥላት ይመስለዋል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1767 እንደሚያስረዳው ስሜቶቻችን በራሳቸው በጎም ክፉም አይደሉም። በቁጥር 1809ም ከአራቱ ዋና ምግባራት አንዱ የሆነውን መጠንን መጠበቅ ሲገልጽ፣ ፈቃድ በደመ ነፍስ ላይ እንዲሠለጥንና የተፈጠረውን በጎ ነገር በልክ እንድንጠቀም የሚያደርግ ነው ይለዋል። ጠላው ርኩስ ነው አይልም። ጠላው አንተን መጠጣት ሲጀምር ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ራስን መግዛት ብቻውን ሰውን ጻድቅ እንደማያደርግም መታወቅ አለበት። ሌባም ራሱን ይገዛል፤ እንቅልፉን አሸንፎ ሌሊት ይነሣል፣ ብርዱን ይታገሣል፣ ሳሉን ይውጣል። ገብጋባ ሰው ከመነኩሴ ያነሰ አይበላም ማለት አይቻልም። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ ዓለም ያየው ከሁለት ሰዓት ብዙ ያልበለጠ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በፊት በልምምድ ያለፉትን ዓመታት ያየ ጥቂት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 9 የሯጮችን ነገር የሚያነሣው ስለዚህ ነው፤ እነርሱ ለሚጠፋ አክሊል ያን ያህል ከተቆጣጠሩ እኛስ ምን ያህል? ጥያቄው እንግዲህ ራስህን ትገዛለህን? ብቻ አይደለም፤ ለማን? ለምን? የሚልም ነው። ይኸው ሐዋርያ በቂሣርያ እስረኛ ሳለ ለአገረ ገዥው ለፊልክስ ስለ ጽድቅ፣ ራስን ስለ መግዛትና ስለሚመጣው ፍርድ ተናግሮት ነበር። ፊልክስም ፈራ፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 24 ይመሰክራል። ፈርቶ ግን ምን አደረገ? ለአሁኑ ሂድ፣ ሲመቸኝ አስጠራሃለሁ ብሎ አሰናበተው፤ ጉቦም ተስፋ ያደርግ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ አልተመቸውም። መርፌው ገባ፤ ክር ግን አልነበረበትም።

ስለ ጾም በዚህ አጋጣሚ ጥቂት እንበል። በላቲን ሥርዓት የቤተ ክርስቲያን ሕግ ከሥጋ መከልከል ዐሥራ አራት ዓመት የሞላቸውን ሁሉ፣ ጾም ደግሞ ከዐሥራ ስምንት ዓመት ጀምሮ ስድሳኛው ዓመት እስኪጀመር ድረስ ያለውን ሰው ያስገድዳል፤ በግእዝ ሥርዓት ያለን ደግሞ የየራሳችን ሥርዓተ ጾም አለን። ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ጋር ስንተያይ «የእናንተ ጾም ቀላል ነው» መባላችንን እናውቃለን፤ እናፍራለን፣ ወይም እንከራከራለን። ሁለቱም አያስፈልግም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1966 ሥርዓቱን ባሻሻሉ ጊዜ ንስሐን ማቅለላቸው አልነበረም፤ ሕጉ የተወውን ስፍራ እያንዳንዱ በጸሎትና በምጽዋት፣ በየዕለቱም ሥራ ታማኝነት እንዲሞላው ነው የጠየቁት። ያ ስፍራ ባዶውን ከቀረ ጥፋቱ የሕጉ አይደለም። በገዛ ቤታችን የምናውቀውን እንናገር፦ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጀበናው ተጥዶ፣ ፈንዲሻው ቀርቦ፣ ሥጋ ያልቀመሰ አፍ የጎረቤትን ስም ከአቦል እስከ በረካ ሲያላምጥ ይውላል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ በጾም ዘይትም አይታሽም። አሁን ደግሞ በእጃችን የያዝነው ስልክ ቡና ሳይፈላ ሐሜት የሚቻልበትን መንገድ ከፍቶልናል፤ ስም ሳይጽፉ ሰውን መስደብ እንደ ጨዋታ ተቆጥሯል። የተሰደበው አያይም፤ ተሳዳቢው አይታወቅም። የዘሌዋውያን ደንቆሮና ዕውር ማለት ዛሬ ይህ አይደለምን?

በአንጻሩ ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1839 ወደዚህ አገር ሲመጣ ራስን መግዛት ምን መሆኑን ያሳየው በተለየ መንገድ ነው። የአገሩን ልብስ ለበሰ፣ የአገሩን ምግብ በላ፣ ቋንቋውን እንደ ተማሪ ተማረ። ከጣሊያን የመጣ የተማረ ካህን የለመደውን ትቶ፣ ከሚያስተምራቸው ሰዎች በታች ሆኖ መቀመጥ ከጾም ሁሉ የሚከብድ ጾም ነው። እ.ኤ.አ. በ1860 በመንገድ ላይ ሳለ ዐረፈ። የሚያከብረውን እግዚአብሔር በሰው ውስጥ ስላየው ነው እንዲህ ያደረገው ብንል አንሳሳትም። አክብሮትና ፍርሃት የሚገናኙበትም ቦታ ይኸው ነው፤ ሙሴ በሚነደው ቁጥቋጦ ፊት ጫማውን ያወለቀው ሊመታ ስለ ፈራ ሳይሆን የቆመበትን ምድር ስላወቀ ነው።

ምሳሌዎቻችን እስከ አሁን ሁሉም የቅዱሳን ሆኑ። ካቴኪስቶች ግን «እናንተስ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ መብታቸውም ነውና፣ የራሳችንን ሳንናገር ብናልፍ ከላይ የጻፍነውን ሁሉ ማፍረስ ይሆናል።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ በአንድ የድርቅ ዓመት፣ በምንኖርበት ቁምስና ለተቸገሩ ቤተሰቦች ስንዴ ይታደል ነበር። ለአንድ ቤተሰብ በወር 25 ኪሎ። መዝገቡን የምንይዘው እኛ ነበርን፤ ማንበብና መጻፍ የሚችል ታማኝ ሰው ተብለን ተመርጠን። ሥርዓቱ የእርሻ በሬ ያለውን አይጨምርም ነበር። አንድ የቅርብ ዘመዳችን ግን በሬዎቹን ሳይሸጥ ስሙ እንዲገባ ለመነን። ጻፍነው። ዘመድ ነዋ፤ እንቢ ብንለው «ምን ይሉናል?» ልብ በሉ፣ ይሉኝታ ከክፋት እንደሚከለክል ወደ ክፋትም ይመራል። አራት ወር ወሰደ። ማንም አላወቀም። እኛም እሑድ እሑድ እንደ ወትሮው ሕፃናትን ዐሥርቱን ትእዛዛት እናስተምር ነበር፤ ሰባተኛውንም ጭምር።

በአራተኛው ወር አንዲት መበለት በልጅ ልጃቸው አህያ ላይ አንድ ጆንያ ስንዴ አስጭነው ወደ መጋዘኑ መጡ። ስማቸው ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ኖሯል፤ አንድ ጊዜ በራሳቸው፣ አንድ ጊዜ በሞቱት ባለቤታቸው ስም። ልጁም ሄዶ ሁለቱንም ተቀብሎ ነበር። በቤታቸው ያለው እህል ስንት ቀን እንደሚያደርሳቸው ለማወቅ ፊታቸውን ማየት ይበቃ ነበር። የዕደላው ኮሚቴ አባል የሆነ አንድ ሰው በመገረም፣ «እማማ፣ ማን ያውቅብዎት ነበር?» አላቸው። እርሳቸውም ጥያቄው እንዳልገባቸው ሆነው ጥቂት አዩትና፣ «እግዜርስ፣ ልጄ?» አሉት።

ድምፃቸው ውስጥ ድንጋጤ አልነበረም። እግዚአብሔር ይቀስፈኛል የሚል ሰው ድምፅ አልነበረም። በቤቱ ውስጥ ያለን ሰው እንደ ረሳንባቸው ዓይነት ነበር። እኛ ብዕራችንን ይዘን ከመዝገቡ ላይ ቀና ማለት አቃተን። ማንበብ የማይችሉት መበለት፣ ስለ ሰባቱ ስጦታዎች ትምህርት ወስደው የማያውቁት ሴት፣ እኛ ስናስተምረው የኖርነውን ያውቁት ነበር።

በዚያው ሳምንት ወደ ንስሐ አባታችን ሄድን። ስለ መጸጸታችን ብዙ ተናገርን፤ ምናልባት ከመጠን በላይ ተናገርን። እርሳቸው በትዕግሥት ካዳመጡን በኋላ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ስንት ኪሎ ይሆናል?» ሃያ አምስት ጊዜ አራት፣ መቶ ኪሎ፣ አንድ ኩንታል አልናቸው። «እንግዲያው አንድ ኩንታል ይመለስ» አሉን። ስማችንን ለሕዝብ እንድንገልጥ አላዘዙንም፤ ሕጉም አያስገድድም። እህል በተወደደበት ወራት አንድ ኩንታል ስንዴ ከገበያ ለመግዛት ያጠራቀምነው ሁሉ ሄደ፤ የቀረውን ተበደርን። በቤታችንም ስለ ገንዘቡ መጠየቃችን አልቀረም፤ ያን ጊዜ የተባባልነውን እዚህ አንጽፍም።

ስንዴውን አስጭነን መጋዘኑ ስንደርስ ጠባቂው ሚዛን ላይ አወጣው፤ ልኩ ነበር። ከዚያም የገቢ መዝገቡን ገልጦ፣ «ጋሼ፣ ምን ብዬ ልመዝግበው? ከበጎ አድራጊ የተሰጠ ልበል?» አለን።

በመንገድ ላይ ያዘጋጀነው መልስ ይኸው ነበር። ከበጎ አድራጊ። እርሱው ራሱ አፋችን ውስጥ አስገባልን። ጥቂት ጊዜ ዝም ብለን ቆምን፤ ኋላችን ሌሎች ሰዎች ተራ ይጠብቁ ነበር።

«ዕዳ ብለህ መዝግበው» አልነው።

«የማን ዕዳ?» አለ።

ነገርነው።